ፊቱን ያዞረው ማሽን

ከባሕር ማዶ የገዛነው ያገለገለ ማሽን ሰው ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ክብደቱ የጭነት መኪና ያህላል፤ ሲዞር ግን ድምፅ የለውም። ሥራው ስስ የሲሊኮን ሳህኖችን ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ ፈሳሽ እየቀባ፣ እያሽከረከረ፣ እያሞቀ ማውጣት ነው፤ ቺፕ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። የኮሌጁ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን እኔ ነኝ። ብዙ የተበላሸ ማሽን አይቻለሁ፤ ያኮረፈ ግን አላየሁም።

ለምን እንዳኮረፈ ሁላችንም እናውቃለን። ኃላፊያችን ዶክተር ልዑልሰገድ ለበላይ አካል «አዲስ ነው» ብለው ነበር። ስለዚህ የተሠራበት ዓመት የተጻፈበትን ሰሌዳ በምላጭ ፋቅሁት፤ ጎኑንም ነጭ ቀለም ቀባነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ዞረ። አወይ እኔ! ይህን እጅ የት ልደብቀው?

«ነገ ምርቃት ነው» አሉ ዶክተሩ። «እንግዶቹ ጀርባውን ካዩ ክፍሉን የወንበር መጋዘን ያደርጉታል፤ ተማሪዎቻችን ልጆችም እንደ ድሮው ስለ ማሽን በሥዕል ብቻ ይማራሉ። ግፉና አዙሩት!»

ገፋነው፤ ዞረ። እጃችንን ስናነሳ ተመለሰ።

ላኮረፈ ሽማግሌ ይላክበታል እንጂ አይገፋም። ለምርቃቱ የተጠሩትን የሰፈር ሽማግሌ፣ አባባ ይመርን፣ ዛሬውኑ ይምጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡና ቢጫው መብራት ሥር፣ ከማሽኑ ጀርባ ቆሙ።

«ጌታዬ፣ ምን በደሉዎት?» አሉት።

ማሽኑ አንድ ሳህን አወጣ። ላዩ ላይ በደቃቅ ፊደል «ዕድሜዬን ፋቁት» ይላል።

አባባ ይመር ወደ እኛ ዞሩ። «እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው» አልኩ። እስከ ጆሮዬ ጋለኝ።

«እንግዲያው ካሣው ቀላል ነው። ነገ በእንግዶቹ ፊት ‹ያገለገለ ነው› በሉ፤ ይታረቃችኋል።»

ማሽኑ ወደ እኛ ትንሽ ዞር አለ። ዶክተሩ ከረባታቸውን ነካኩ።

«አባባ፣ አንዴ ተናግሬያለሁ እኮ። አሁን በምን አፌ ልመልሰው?»

በማግሥቱ እንግዶቹ ገቡ፤ የቴሌቪዥን ካሜራም ነበር። ማሽኑ ማንም ሳይነካው ወደ እነሱ ዞረ። እሰይ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። እውነቱ እስኪነገርለት ነበር የሚጠብቀው። ዶክተሩ ሪባኑን ቆረጡና «ይህ አዲስ ማሽን» ብለው ጀመሩ። አጨበጨብን። እኔማ ከሁሉም አስበልጬ አጨበጨብኩ።

ጭብጨባው ሲያበቃ ከፊቴ ግድግዳ አየሁ። ዶክተሩም፣ እኔም፣ እያወቅን ያጨበጨብን ሁሉ ግንባራችን ግድግዳው ላይ ነበር። ልዞር ሞከርኩ። በዞርኩበት ሁሉ ግድግዳ ነው።

ይህንንም የምነግራችሁ ወደ ግድግዳው እንደዞርኩ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ አልዋጠችኝም። ክፍሉ መጋዘን አልሆነም። ልጆቹ ገብተው ይማራሉ፤ ማሽኑም ከኋላዬ እየሠራ ነው። አባባ ይመር አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ማሽኑ የሰው ጀርባ እየሣለ ከሚያወጣቸው ሳህኖች አንዱን አንስተው ለልጆቹ ሲያሳዩ ይሰማኛል።

«ይኼኛው ደግሞ የማን ጀርባ ነው?»

ልጆቹ ጠጋ ብለው ያዩታል።

«አናውቃቸውም፣ አባባ» ይላሉ።