በሾኪ ጉንጭ ላይ የቀረችው ነጥብ

ባሌ ጂንፓቺ እጆቹ በካቴና ከታሰሩ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። የተፈረደበት ሠላሳ ቀን ነው። ወህኒ አልወረደም፤ እዚሁ ኤዶ ከተማ፣ ካንዳ ሰፈር፣ ጠባቧ ቤታችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር የሚቀጣው። የካቴናው መዝጊያ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ሹም ሃያካዋ በየአምስት ቀኑ እየመጣ ወረቀቱ እንዳልተነካ ያያል። ከተነካ ወህኒ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ጂንፓቺ ለኅትመት የሚሆን ሥዕል እንጨት ላይ ቀራጺ ነው። በእኛ ሙያ ልብሱንና ዛፉን ማንም ይቀርጸዋል፤ ፊትና ጸጉር ግን የዋናው ባለሙያ ነው። የጂንፓቺን ጸጉር ኤዶ በሙሉ ያውቀዋል። የማያውቀው፣ ዓይኑ ከደከመ አራት ዓመት እንደሆነውና ከዚያ ወዲህ ፊቱንም ጸጉሩንም የምቀርጸው እኔ ኦሪዮ መሆኔን ነው። እሱ ደጃፍ ላይ ቢላ ሲስል ይውላል፣ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ እቀርጻለሁ። የአማልክትን ፊት ሴት ቀረጸች ከተባለ አሳታሚ ደጃችንን አይረግጥም። ደግሞ ባሌ ከስሙ ሌላ ምን አለው?

የተሳሳትኩት ጋኔን አሳዳጁን ሾኪን ስቀርጽ ነው። ሠዓሊው በስስ ወረቀት የሣለውን በፊቱ ደፍተን የቼሪ ጣውላ ላይ እንለጥፋለን፤ መስመሩ በደንብ እንዲታይ ዘይት እንቀባዋለን። ከዚያ ጥቁሩን እየተዉ ነጩን መፈልፈል ነው፤ ወረቀቱም አብሮ ተፍቆ ይሄዳል። ሾኪ ጉንጭ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አየሁና ተውኳት። ለካ የሠዓሊው ቀለም አይደለችም፤ እንጨቱ ላይ የነበረች ጠባሳ ናት፣ በዘይቱ ወረቀት አልፋ የታየችኝ። ሥዕሉ ታትሞ ሲወጣ ከተማው በሳቅ ፈረሰ። እዚያው ቦታ ላይ ነጥብ ያለባቸው አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ነበሩና!

ሹሞቹ «በባለሥልጣን የተሳለቀ ማነው?» ብለው ሲመጡ ሠዓሊው «እኔ ነጥብ አልሣልኩም» አለ፤ እውነቱን ነው። የሣለበት ወረቀት ደግሞ ተፍቆ ምድጃ ገብቷል። ጂንፓቺ «የእኔ እጅ ነው» ብሎ እጁን ዘረጋላቸው። እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፤ በዚያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ይህ አልበቃ ብሎ ጂንፓቺ አሳታሚውን በኩራት ዋሸው። ለቤተ መቅደሱ በዓል የሚታተመውን የቁጡውን አምላክ የፉዶን ሥዕል «ሳልታሰር ነው ፊቱ ያለቀው» አለው። ምኑም አልተጀመረም። ጣውላውን ሊወስዱ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር እኔ ገና ቅንድቡ ይቀረኝ ነበር።

ሹሙን የምንጠብቀው በሃያኛው ቀን ነው። እሱ ግን በአሥራ ዘጠነኛው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ከወለሉ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ አነሳ።

«ይኼ የማን ነው?»

«የድሮ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

በጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «ዘይቱ ሳይደርቅ? ሴትዮ፣ ሞኝሽን ፈልጊ!»

ጂንፓቺ ካቴናውን ወደ ላይ አነሳ። «ማኅተሙን ይዩት ጌታዬ፤ ንክች አላደረግኩትም።»

«ወግድ! እናንተ የሙጫ ሰዎች የእንቁላል ቅርፊት አንስታችሁ መልሳችሁ ትለጥፋላችሁ፤ ይቺ ወረቀት ታቅታችኋለች? ተነስ፣ ወህኒ!»

ብርዱ እየገባ ነበር። ወህኒ በብርድ ጎረምሳውን እንኳ በቃሬዛ ነው የሚመልሰው።

«እኔ ነኝ የቀረጽኩት» አልኩ።

«አይስሟት!» ጂንፓቺ ጮኸ። «ባሏን ለማዳን ነው። ቢላ አያያዝ እንኳ አታውቅም። ወረቀቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ይውሰዱኝ!»

ደሜ ፈላ። አራት ዓመት ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ቀርጬለት፣ ሚስቱ ቀረጸችለት ከሚባል ሞቱን መረጠ!

ሹሙ ጣውላውን በእግሩ ገፋ አደረገልኝ። «ቅረጪ።»

«ኦሪዮ፣ ተይ» አለ ጂንፓቺ። ድምፁ የልመና ነበር። ብተወው ስሙን ይዞ ይሞታል፤ ብቀርጽ ቆሞ ይሞታል። ቢላውን አነሳሁ። በአንዲት የሩዝ ፍሬ ስፋት ሦስት ጸጉር አወጣሁ። ሹሙ አፍንጫው ጣውላውን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«የሾኪስ ፊት የማን እጅ ነው?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይኼ ነው።

«የእኔ» አልኩ።

ሹሙ ፍቅፋቂውን ጣለ። ከዚያ የገዛ ማኅተሙን ቀዶ የጂንፓቺን ካቴና ፈታና በእኔ እጅ ላይ ቆለፈው፤ አዲስ ወረቀትም ለጠፈበት። «የቀረው አሥራ አንድ ቀን ያንቺ ነው። ሰው ሲመጣ እጅሽን እጅጌሽ ውስጥ ክተቺ፤ አንተም ደጅ እንዳትታይ። ያልበደለ ሰው አሥራ ዘጠኝ ቀን አሰረ መባል አልፈልግም። ሦስታችንም አፋችንን እንይዛለን።» ብሎ ወጣ።

ጂንፓቺ ካቴናው የላጠውን የእጁን አንጓ እያሻሸ ግድግዳ ግድግዳውን አየ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ቆየሁ፤ አልተሰደብኩም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እየዳበሰ መጥቶ ጣውላው ፊት ተቀመጠ። ያልተቀረጸው የቀኝ ቅንድብ ብቻ ነበር።

«ንገሪኝ» አለ።

አገጬን ትከሻው ላይ አደረግሁ። «ወደ ግራ። ትንሽ። አሁን ሳበው። ቀስ... ቀስ...»

እጁ እንደ ድሮው ነው፤ የከዳው ዓይኑ ነው። የመጀመሪያዋን ጸጉር ጀመረ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቢላው ሾለከና ጸጉሯ ተቆረጠች። የተቆረጠ እንጨት አይቀጠልም። ነገ ጠዋት አሳታሚው ገና በሩ ላይ ሆኖ ያያታል።

«ተሰበረች እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ ደህና ናት» አልኩት። «ቀጥል።»