ጋሼ የዘለሉት ንዑስ አንቀጽ

በእኛ ማኅበር ማንም ሰው የራሱን ፎርም አይሞላም። የጤና መድን ወኪሎች ነን፣ ሠላሳ አራት ነን፣ ዓመቱን ሙሉ የሰው ክብደት፣ የሰው ስኳር፣ የሰው እርግዝና ስንጽፍ እንውላለን። የራሳችንን ግን ባልደረባ ነው የሚጽፍልን። ደንቡ የወጣው ከዓመታት በፊት አንዱ አባላችን ፎርሙን ራሱ ሞልቶ የሙሽርነት ዘመኑን ክብደት ስለጻፈ ነው ይባላል። እውነት ይሁን ቀልድ አላውቅም። ሰውየው ግን አሁንም አለ፣ በተቀመጠ ቁጥር ወንበሩ ይመሰክርበታል።

እጣው ከፕላስቲክ ሳህን ይወጣል። የደረሰህን ሰው ለሦስት ዓመት ትይዘዋለህ። በየዓመቱ ፊት ለፊት ተቀምጠህ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለህ ታነብለታለህ፣ የሚልህን ትጽፋለህ፣ ፎርሙን ቀኑ ሳያልፍ ታስገባለታለህ። ቀላል ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ ካልሆነ በቀር ማለቴ ነው።

ለእኔ የደረሱኝ ጋሼ ነበሩ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባሌ ሞቶ ሁለት ልጆች ይዤ ስቀር «ነይ፣ ከእኔ ጋር ትዞሪያለሽ» ብለው ቦርሳቸውን አሸከሙኝ፣ በዓመቱ የራሴን ፈቃድ አወጣሁ። አባላቱ ከኋላቸው «ንዑስ አንቀጽ» ይሏቸዋል። ደንቡን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይወጡታል፣ ደግሞ አንዲት ንዑስ አንቀጽ ከተዘለለች ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እኔን «ክብሪት» ይሉኛል። ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም።

ባለፈው ዓመት የመጀመሪያውን ፎርም ሞላሁላቸው። ዘንድሮ ሁለተኛው ነበር። የወሩ ስብሰባ ቀን ደረጃውን ወጥቼ አዳራሹ ስደርስ ሊቀመንበሩ በር ላይ ያዘኝ። ሊቀመንበራችን ድሮ የስፖርት አስተማሪ ነበር፣ ስብሰባውን አሁንም በፊሽካ ነው የሚከፍተው።

«ክብሪት፣ እንዳትቆጪ» አለኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ከጀመረ ከወዲሁ መቆጣት ነው። «ጋሼ ፎርማቸውን ሌላ ሰው እንዲሞላላቸው ጠይቀዋል።»

«ምን አድርጌያቸው?»

«ምንም። ሥራ በዝቶባታል፣ አላስቸግራት ነው የሚሉት።»

ደሜ ፈላ። ሥራ የበዛበት ሰው ስንቱ ነው? እሳቸው ባሳደጉት እጅ ካልተጻፈላቸው በማን እጅ ሊጻፍላቸው ነው? ስልጠና የሚሰጠው እንግዳ ስለ አዲሱ የክትባት ሽፋን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወራ እኔ አንድ ቃል አልሰማሁም፣ የጋሼን ማጅራት ነበር የማየው። እረፍት እንደሆነ ፎርሙን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ።

«ይነሱ ጋሼ። የኋላው ክፍል ባዶ ነው።»

«ልጄ፣ ለሊቀመንበሩ እኮ...»

«ሰምቻለሁ። ይነሱ።»

የኋላው ክፍል የማኅበሩ ዕቃ ቤት ነው። የነጻ ምክር ቀን ስናዘጋጅ አውቶቡስ መናኸሪያ የምንዘረጋቸው ጠረጴዛዎች፣ የታጠፈ ድንኳን፣ ሳጥን ሙሉ በራሪ ወረቀት አለ። በሁለት ሳጥን ላይ ተቀመጥን። ማንበብ ጀመርኩ። ዕድሜ፣ ስልሳ ሦስት። ክብደት፣ ተናገሩ፣ ቀነሰ ብዬ ገረመኝ። ሲጋራ፣ የለም። መነጽር፣ አለ። ዘጠነኛው ላይ ደረስኩ።

«ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ፣ ሐኪም ቤት ሄዱም አልሄዱ፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ተሰምቶዎት ያውቃል?»

«ሐኪም ቤት አልሄድኩም።»

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቀረ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ይህ ነው። ሰው የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን ከመለሰ እዚያ ጋ ቁሚ፣ አትለፊ፣ ይሉኝ ነበር። ቆምኩ።

«ሄዱ ወይ አላልኩም ጋሼ። ተሰማዎት ወይ ነው ያልኩት።»

«ጻፊ። ሐኪም ቤት አልሄደም።»

«ደረጃው አጋማሽ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ለምንድነው ሁልጊዜ ቆመው የሚያነቡት?»

«የቱን?»

«የሚከራይ ክፍል የሚለውን። ክፍሉ ከተከራየ አምስት ወር አልፎታል። ቤት አለዎት። በመጡ ቁጥር ቆመው ያነቡታል፣ እኔ ደግሞ ሰውየው ወረቀት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም እያልኩ ስስቅ ነበር።»

ጋሼ ውሸት አይችሉበትም፣ ሲዋሹ ጆሯቸው ይቀላል። ቀላ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ የቀን መቁጠሪያ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። በቀኖቹ ላይ አንድ በአንድ ምልክት ተደርጓል።

«ሠላሳ ስምንት ቀን ነው የቀረኝ» አሉ።

«ለምኑ?»

«አንድ ዓመት ሊሞላኝ።»

ነገሩን እንደ ስልጠና አስረዱኝ። አዲስ ገቢ የሆነ ሰው የልብ ሕመም ሽፋን የሚያገኘው አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ዓመቱ ሳይሞላ ሐኪም «ልቡን ያመዋል» ብሎ ከጻፈበት ግን ሕመሙ ቀድሞ የነበረ ተብሎ ለዘለዓለሙ ከሽፋን ይወጣል። ስለዚህ ሐኪም ቤት አይሄዱም። ሠላሳ ስምንት ቀን ይቆያሉ፣ ከዚያ ይሄዳሉ። ሕመሙ የጀመራቸው ከአምስት ወር በፊት ነው። ለእትዬ፣ ለሚስታቸው ማለት ነው፣ አልነገሩም፣ ጆሯቸውን ይዘው ሐኪም ቤት እንደሚጎትቷቸው ያውቃሉ።

ሌላ ሰው ቢያመው ሐኪም ቤት ይሄዳል። ደረቱን እያመመው ቀን የሚቆጥር፣ ደንብ አዋቂ ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው በየነጻ ምክር ቀኑ በድምፅ ማጉያ የሚናገሩት እኮ ራሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር መጣብኝ።

«ቆይ፣ አዲስ ገቢ? እርስዎ የሃያ ዓመት ደንበኛ ነዎት። እንዴት አዲስ ገቢ ሆኑ?»

«ባለፈው ዓመት ተቋረጠብኝ።»

«ማን አቋረጠብዎት?»

«ይቋረጣል አንዳንዴ።»

የመድን ካርዳቸውን ከደረት ኪሳቸው ራሴ አውጥቼ አየሁት። ውሉ የጀመረበት ቀን ላይ ዓይኔ ቀረ። ያ ቀን እኔ ፎርማቸውን ያስገባሁበት ቀን ነበር።

አስታወስኩ። ያን ሰሞን የነጻ ምክር ቀኑን የመራሁት እኔ ነበርኩ። የጋሼን ፎርም ከበራሪ ወረቀቶቹ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼው ከርሟል። ሳገኘው ከቀኑ አሥራ አንድ ቀን አልፎታል፣ ግን አልደነገጥኩም፣ አሥራ አምስት ቀን የእፎይታ ጊዜ አለ ብዬ ወስጄ አስገባሁት። እፎይታው ያን ዓመት ወደ አሥር ቀን ወርዷል። መመሪያውን በስብሰባ ላይ ያነበቡልን ጋሼ ራሳቸው ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ወንበሬን ከወሰደብኝ ሰው ጋር እጨቃጨቅ ነበር። በአንድ ቀን ነው ያሳለፍኩት። የሁለት መቶ ሰው ፎርም በቀኑ አስገብቼ የአስተማሪዬን አሳለፍኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አይደለሽም።»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ምን ይለወጣል? አንቀጽ አሥራ አራት ግልጽ ነው።» ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው በቃላቸው ይወጡት ጀመር፣ የለመድኩት ዜማ ነው። «ንዑስ አንቀጽ አንድ፣ ውል በጊዜው ካልታደሰ ይቋረጣል። ንዑስ አንቀጽ ሁለት፣ የተቋረጠበት ሰው እንደ አዲስ ገቢ ይመዘገባል። ንዑስ አንቀጽ ሦስት፣ አዲስ ገቢ የአንድ ዓመት የጥበቃ ጊዜ ይኖረዋል። ንዑስ አንቀጽ አምስት፣ በጥበቃ ጊዜው ውስጥ የታወቀ ሕመም...»

«አራትስ?»

ዓይናቸውን ገለጡ። «አራት እኛን አይመለከትም።»

እኚህ ሰው፣ አንድ ስልጠና ላይ ንዑስ አንቀጽ ዘለልክ ብለው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከመድረክ ያስወረዱ ሰው ናቸው። ተነሥቼ ከመደርደሪያው የደንቡን መጽሐፍ አወረድኩ። «ልጄ፣ ተይው» አሉኝ። ከፈትኩት። ንዑስ አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፤ የውሉ መቋረጥ በወኪሉ ጥፋት የመጣ እንደሆነ፣ ወኪሉ በጽሑፍ ሲያምን የደንበኛው ውል እንዳልተቋረጠ ይቆጠራል። የወኪሉም ፈቃድ ለአንድ ዓመት ይታገዳል።

ሁለቴ አነበብኩት። አንድ ደብዳቤ ነበር የሚያስፈልጋቸው። አምስት ወር ሙሉ ደረታቸውን ይዘው ደረጃ የወጡት ያችን አንዲት ደብዳቤ እንዳልጽፍ ነው።

«ፈቃድሽ ከታገደ ሁለቱን ልጆች በምን ታሳድጊያለሽ?» አሉኝ በቀስታ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ።»

«እርስዎ ሽማግሌ አይደሉም፣ ሞኝ ነዎት።» ይህን ለጋሼ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬም አላፈርኩበትም።

በዚያው ሳጥን ላይ ተቀምጬ ከበራሪ ወረቀት ጀርባ ጻፍኩት። አራት መስመር አልሞላም። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ «አዎ፣ ከአምስት ወር ጀምሮ» ብዬ ሞላሁ። ወደ አዳራሹ ወጥቼ ለሊቀመንበሩ ሁለቱንም ሰጠሁት። አነበበ፣ አየኝ፣ ደግሞ አነበበ። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ማኅተሙን አወጣ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩትን ነበር የምለቅመው።

ጋሼን በክንዳቸው ይዤ ደረጃውን ስንወርድ ለእትዬ ደወልኩ። ክሊኒኩ በር ላይ ከእኛ ቀድመው ቆመው አገኘናቸው፣ እንዴት እንደደረሱ እግዜር ይወቀው፣ አንድ እግራቸው ላይ የቤት ጫማ ነበር። የጋሼን ቀኝ ጆሮ ያዙ፣ እንደያዙም ወደ ውስጥ አስገቧቸው።

ሐኪሟ ስትወጣ ፊቷን አልወደድኩትም። ከልባቸው የደም ሥሮች አንዱ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም አለች። ያን ቀን ወደ ትልቁ ሆስፒታል አዛወረቻቸው፣ በሦስተኛው ቀን የጠበበውን ከፈቱላቸው። ሐሙስ ዕለት ከመድኑ ዋና መሥሪያ ቤት መልስ መጣ። የጋሼ ውል እንዳልተቋረጠ ተቆጥሯል፣ ሕክምናው በሙሉ ተሸፍኗል። ሁለተኛው አንቀጽ ስለ እኔ ነበር፣ የአንድ ዓመት እገዳ።

ማኅበሩ ለእኔ ጉዳይ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። የእገዳው ደብዳቤ ሲነበብ ሰምቼ ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል ያ በሙሽርነቱ ክብደት የተመዘገበው ሰው «ቁጭ በይ» አለኝ። ደንበኞቼን ለሠላሳ ሁለት ተከፋፈሏቸው፣ ዓመቱ ሲሞላ አንድም ሳያጎድሉ ሊመልሱልኝ ፈረሙ። እስከዚያው የማኅበሩን ጽሕፈት ቤት እኔ እንድይዝ፣ ደመወዙም እንዲታሰብልኝ ወሰኑ። አንዳቸውም የሚያጽናና ነገር አልነገሩኝም፣ ወንበሬንም ያን ቀን ማንም አልወሰደብኝም።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ጋሼ ፊታቸው ቀለም ገብቶበታል። የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ሰጠኋቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ከቀኑ እስከ ፊርማው አነበቡት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ። «ያ ሠላሳ ስምንት ቀን ቢሞላ ኖሮ በእርግጥ ሐኪም ቤት ይሄዱ ነበር?»

ደብዳቤውን አጣጠፉ። ጆሯቸው አልቀላም።

«አልሄድም ነበር» አሉ። «ቀኑን መቁጠር የጀመርኩት እሄዳለሁ ብዬ ነበር፣ በኋላ ነው የገባኝ። ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው መቼ ጀመረህ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መዋሸት አልችልም። ከአምስት ወር በፊት ስል ነገሩ ይመረመራል፣ ለምን ተቋረጠ ይባላል፣ አንቺ ጋ ይደርሳል።»

«ታዲያ ምን ነበር ሐሳብዎ?»

«እጣው እስኪለወጥ መቆየት። ሌላ ሰው ከያዘኝ በኋላ የሆንኩትን ብሆን ያንቺ ስም አይነሣም ብዬ ነው።»

«እጣው እኮ ገና ከአንድ ዓመት በላይ ይቀረዋል።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሼ። «ለዚያ ነው ቀድሞ ለሌላ ሰው እንዲሰጠኝ ሊቀመንበሩን የለመንኩት።»

የእትዬ ቢላዋ ብርቱካኑ ላይ ቆመ። እኔ እጃቸውን ያዝኩና ተቆጣኋቸው፤ የመጣልኝን ሁሉ አልኳቸው፣ እንደ አባት እንደምወዳቸውም በዚያው ቁጣ መሐል ነገርኳቸው፣ እየተቆጣሁ ለቅሶ መጣብኝ። እትዬ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ።