የሷሊሕ ፊት በብሎጉ ላይ

አራዳ ያለው የሐጂ ዐብዱልከሪም ሱቅ አንድ ደንብ ነበረው፤ ሻጭ የዕቃውን እንከን ሳይናገር ዋጋ አይጠራም። ሬዲዮም ይሁን ካውያ፣ መጀመሪያ እንከኑ ነው። የልጃቸው የሐዲጃ ባል ሷሊሕም በዚሁ ደንብ ሲሸጥ ሰባት ዓመት ሆነው።

በ2007 ዓ.ም. የሐዲጃ ወንድም ኡዘይር አዲስ አበባ ሄዶ ርካሽ የቴሌቪዥን ጌም ማከፋፈል ጀመረ። ለአባቱ ሱቅም ላከና አንድ ቀን ለሷሊሕ ደወለለት።

«እስቲ ሷሊሕ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ዕቃው እንዴት ነው?»

«ለልጅ ሸጋ ነው። ግን አራት መቶ ጨዋታ አለው የሚሉት ውሸት ነው፤ ሠላሳው ነው ስሙን እየቀየረ የሚመላለስ። በእጅ የሚያዘው ጆይስቲክም ወር አይቆይ።»

ሳምንት ሳይሞላ በኡዘይር ድርጅት ብሎግ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ሐጂ ስልኩን ራቅ አድርገው አዩት። ገጹን የሞላው የሷሊሕ ፊት ነው፤ ከሠርጉ ፎቶ ተቆርጦ፣ ጥርሱ እስኪቆጠር ይስቃል። ከሥሩ በወርቅማ ፊደል «ለልጅ ሸጋ ነው» ይላል። ሌላ የለም።

«እንደ ባንክ ካላንደር አምሮ የለ!» አሉ ሐጂ።

«አባ፣ እንከኑን እኮ ቆረጡት።»

«ቦታ አልበቃቸው ይሆናላ።»

«ፊቴን አሳንሰው አይጽፉትም ነበር?»

የሐጂ ፈገግታ ጠፋ። «ቤቴ ተቀምጠህ ልጄን በአገር ፊት ውሸታም ልታሰኘው ነው?»

ሷሊሕ የሚያድርባት ክፍል የሳቸው፣ ሱቁ የሳቸው፣ ቁልፉም የሳቸው ነው። የራሱ የሆነ ነገር ቢኖር ቃሉ ነበረች፤ እሷንም ወስደው ስልክ ላይ ሰቀሏት።

ቅዳሜ የድሮው ደንበኛ አያ አለነ ከደባርቅ ማዶ ከድብ ባሕር መጡ።

«ያን አንተ ያልከውን ጌም አምጣ! ልጄ ትርንጎዬ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታልኛለች።»

ሷሊሕ ወደ ሐጂ አየ። መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ ዐይናቸው ግን እሱ ላይ ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አያ አለነ፣ ይቅርብዎ። ጆይስቲኩ ወር አይቆይም።»

አያ አለነ ሳቁ። «ኧረ ምነው? በስልክ እንዲያ ስቀህ መስክረህ፣ እኔ ስመጣ ተበላሸ? ለዘመድ ደብቀኸው ነው እንጂ!»

«ወላሂ፣ እውነቴን ነው።»

«ፊትህን በዐይኔ አይቼ!» አሉና ሣጥኑን ራሳቸው ከመደርደሪያው አወረዱት።

ሷሊሕ የሚያደርገው ቢያጣ እስክሪብቶ አንስቶ ሣጥኑ ላይ ጻፈ፦ «ጆይስቲኩ ወር አይቆይም። ጨዋታው ሠላሳ ነው። ሷሊሕ።»

አያ አለነ ፊደል አልቆጠሩም። ምርቃት መስሏቸው ፊታቸው በራ። «ይኸውልህ! ቀድሞስ እንዲህ አትለኝም?»

«ትርንጎ ታንብብልዎ፣ አደራ። ካልወደደችው ይመልሱት፤ እኔ አለሁ።»

ሣጥኑን ታቅፈው ወደ ደባርቅ መኪና ሄዱ። የሐጂ መቁጠሪያ ቆሞ ነበር።

«ምን ጻፍክለት?»

«የሱቁን ደንብ፣ አባ።»

ሐጂ አልተቆጡም፤ ደግ አደረግህም አላሉ። እጃቸውን ብቻ ዘረጉ።

«እስክሪብቶውን ወዲህ በል» አሉና ከደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ይኼኔ ከጠዳ የመጣች አንዲት ሴት ስልኳን ወደ ፊት ዘርግታ ገባች። ሷሊሕ ቀና ሲል ከስልኩ ውስጥ የራሱ ፊት እየሳቀ ይጠብቀዋል።