የተፋቀችው ነጥብ

ይርጋለም ከደብረ ብርሃን ተመድባ ወረታ የመጣች የጎርፍ ባለሙያ ናት። ክረምት ገብቶ የርብና የጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ በውኃ ሲያለብሱት፣ ሳተላይት በራዳር ያነሣውን ምስል ከኢንተርኔት እያወረደች ውኃ የዋጠውን ቀበሌ ለወረዳው ታሳያለች። ራዳርን ደመና አይጋርደውም። የተኛ ውኃ ጥቁር ሆኖ ይታይበታል።

በ2008 ነሐሴ ላይ ግን ልቧ ከፎገራ ርቆ ነበር። እጮኛዋ በላይነህ የመርከብ መካኒክ ነው። ከስዊዝ ቦይ እንደወጡ ደውሎ፣ «ሞተሩ ዘይት እያፈሰሰ አስቸግሮናል፤ ጅቡቲ ስንደርስ እደውላለሁ» ካላት ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ጅቡቲ የሚደርስበት ቀንም አለፈ።

የቀይ ባሕርን ምስል አወረደች። ነፋስ የሚያሻክረው ባሕር ነጣ ይላል፤ ዘይት የፈሰሰበት ግን ሞገዱ ስለሚተኛ ይጠቁራል። ነፋስ የጠፋበትም ይጠቁራል፤ እንዲህ ቀጥኖና ተስተካክሎ ግን አይጋደምም። በላይነህ ያልፍበታል ባለችው በኩል አንድ ጥቁር መስመር ነበር። መርከብ ብረት ስለሆነ እንደ ብሩህ ነጥብ መታየት ነበረበት። ነጥብ የለም። መስመሩ ብቻ።

በማግሥቱ የበላይነህ አባት፣ የፎገራው ገበሬ አቶ አንለይ፣ ጭቃ የጠገበ ቦቲያቸውን በር ላይ አውልቀው ቢሮዋ ገቡ።

«ዛሬም አልደወለም?»

«አልደወለም፣ አባባ።»

«ይኸ የሰማይ መነጽርሽ ለኛ ጎርፍ ብቻ ነው እሚሠራ?»

መዋሸት አልቻለችም። ምስሉን አሳየቻቸው። «ይኸ ጥቁሩ ዘይት ሊሆን ይችላል።»

«መርከቡስ?»

ጣቷን በባዶው መስመር ላይ ከጫፍ ጫፍ አስኬደች። ሽማግሌው ፊታቸውን ከምስሉ አዞሩ። «እስቲ የኛን አገር አሳዪኝ። ቤቴ የቱ ጋ ነው?»

«ቤትዎ አይታይም። ቆርቆሮ ሲያበራ ጎርፉን አላስለካ ስላለኝ፣ ውኃ መሐል የሚያበራውን ሁሉ ኮምፒዩተሩ እንዲፍቀው…»

ዓይኗ ወደ ባሕሩ ምስል ተመለሰ።

«በሬ ሸጬ የከደንሁትን ቆርቆሮ ነው የፋቅሽው?» አሉ አቶ አንለይ።

አልሰማቻቸውም። ለፎገራ ያበጀችውን ማጥፊያ ከባሕሩም ላይ ሳታነሣው ኖራለች። አነሣችውና ምስሉን እንደገና ከፈተችው። በጥቁሩ መስመር ደቡባዊ ጫፍ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብርሃን ወጣች።

«እሱ ነው?»

«መርከብ ነው። እሱ ያለበት መሆኑን ግን ከዚህ ማወቅ አልችልም።»

«ቆሟል?»

«ቢቆም ዘይቱ ዙሪያውን በተኛ ነበር። ይኸ ከኋላው የተጎተተ ነው። ምስሉ ሲነሣ እየሄደ ነበር።»

«ወዴት?»

«ወደ ደቡብ» አለች፤ «ወደዚህ።»

አቶ አንለይ ጣታቸውን ወደ ነጥቧ አስጠጉ፤ የኮምፒዩተሩን መስተዋት ግን አልነኩትም። ከዚያ ተነሡ።

«እናቱን መርከብ ታየ ልበላት?»

«ይንገሯቸው። እሱን አየነው ግን አይበሏቸው።»

«አንቺስ ለራስሽ ምን ትያለሽ?»

መልሷን ሳይጠብቁ ቦቲያቸውን አጥልቀው ወጡ።

ሳተላይቱ በዚያ ባሕር ላይ ተመልሶ እስኪያልፍ ገና ነበር። ይርጋለም ስልኳን ከፊቷ አስቀምጣ የፎገራን ምስል ከፈተች፤ ማጥፊያውን ከዚያም አነሣች። ቆርቆሮዎቹ በጎርፉ መሐል ተመልሰው በሩ። የአቶ አንለይን ቤት ፈልጋ አገኘችው። አጠገቡ ደግሞ ለእሷና ለበላይነህ ሠርግ የተሠራችው ትንሽ ቤት፣ ማንም ገና ያልገባባት፣ ብቻዋን ታበራለች።