አዲስ ማስታወቂያ የለም

ዓለምብርሃን ግትር ናት። ይህን ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ካለም እንግዳ ነው። ከሰው ደጅ ቆማ «እባክዎ» ከምትል ሦስት ቀን ጦሟን ብታድር ትመርጣለች። ለምን እንዲህ ሆነች ብትሉ፣ ልጅ ሳለች እናቷ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለማስፈረም ከአንድ ሹም ደጅ ስድስት ቀን ስትመላለስ አብራ ቆማለች። በስድስተኛው ቀን ሹሙ «ነገ ተመለሺ» ሲል የእናቷን ፊት አየች። ያን ዕለት ማንንም ላትለምን ለራሷ ቃል ገባች። አድጋም ኮምፒውተር ተማረች፤ ኮምፒውተር ደጅ አያስጠናም።

አባቷ የኔታ ሀብተ ሚካኤል ደግሞ ሌላ ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው ከሁለት ዓመት ወዲህ ሳንባቸው ከዳቸው። የጎንደር ሐኪሞች ያለ ኦክስጅን መዋል እንደማይችሉ ነግረው ሲሸኟቸው፣ የደብሩ ሰው አዋጥቶ ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራ ማሽን ገዛላቸው። ማሽኑ ከአልጋቸው ሥር ሌት ተቀን ያጉረመርማል፤ ቀጭን ቱቦው ከአፍንጫቸው አይለይም። ታዲያ ይህ ማሽን የሚበላው መብራት ነው። መብራት የጠፋ ቀን ያለቻቸው አንዲት ሲሊንደር ናት፤ እሷም ብትሄድ ስድስት ሰዓት ነው። ስታልቅ የምትሞላው ጎንደር ነው፤ የጎንደር መንገድ ደግሞ በዚህ ዘመን አንድ ቀን ቢከፈት ሁለት ቀን ይዘጋል። እንግዲህ መብራት መቼ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ያወቀ ሲሊንደሩን አስሞልቶ ይጠብቃል። ያላወቀውን እግዜር ይሁነው።

መብራት ቤት ኢንተርኔት ላይ አንድ ገጽ አለው። «ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በደባርቅና በዳባት መስመር ጥገና ስለሚኖር...» የሚል ማስታወቂያ ይወጣበታል። ገጹ አዲስ የተጻፈውን ሁሉ በተርታ የሚዘረዝርበት ፊድ የሚባል ነገርም አለው። ማን እንደሚጽፈው የጠየቀ የለም፤ ዓለምብርሃንም አልጠየቀችም። ቤት ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ አቅፋ ሁለት እሑድ ተቀምጣ ስክሪፕት የሚሉትን ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፈች። ስክሪፕቱ በየአምስት ደቂቃው ያንን ፊድ ከፍቶ ያያል፤ «ደባርቅ» የሚል ካገኘ ስልኳን ያስጮኻል፤ ካላገኘ «አዲስ ማስታወቂያ የለም» ብሎ ጽፎ ያርፋል። ሥራው ይኸው ነው።

ደግሞስ ሠራ! ሁለት ወር ሙሉ አንዴ እንኳ ሳይስት ሠራ። ማስታወቂያ ሲወጣ እሷ ጎንደር ሄዳ ሲሊንደሩን አስሞልታ ትመለሳለች፤ መብራቱ ሲጠፋ የኔታ ትንፋሻቸው ሳይቆረጥ ይውላሉ። ኩራቷን አትጠይቁኝ።

«ልጄ» አሏት አንድ ቀን የኔታ፣ «ይህን የሚጽፈው ማነው?»

«ማንም አይደለም አባ፤ ከመብራት ቤት የሚወጣ ነው።»

«ያለ ጸሐፊ ጽሕፈት አለ? በይ ሂጂና ሰውየውን እጅ ንሺው። ሽማግሌ አባት አለኝ፣ ባንተ ጽሕፈት ነው የሚተነፍሱት በይው።»

«አባ፣ እኔ የማንንም ደጅ አልጠናም። ስክሪፕቱ ይጠናልኛል።»

የኔታ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆኖ አረፈ። «እኔ ሰባት ዓመት በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ ለምኜ ነው የተማርሁ። ውሻ ባቴን ዘንጥሎኛል፤ እግዜር ይስጥልን ተማሪ ተብዬ ባዶ አኩፋዳ ይዤ ተመልሻለሁ። ሞትሁ? አልሞትሁም። መለመን ሰውን ከሰው ያስተዋውቃል እንጂ አይገድልም።»

አልሰማቻቸውም። ማን ሊሰማ!

ጎረቤታቸው እትዬ ገበያነሽ ወፍጮ ቤት አላቸው። ዓይናቸው ደግሞ ምንም አያመልጠውም። «አንቺ ልጅ፣ መብራት ሊጠፋ ሲል ሲሊንደርሽን ተሸክመሽ ውር ውር ትያለሽ። ማነው የሚነግርሽ? ወይስ አጥፊዋ አንቺ ነሽ?» አሏት። ነገሩን ስታስረዳቸው በሁለት እጃቸው ጭናቸውን መቱ። «ታዲያ ለእኔ አትነግሪኝም! ሰዉ የአንድ ቀን መንገድ እህል ጭኖ መጥቶ ወፍጮዬ ቆሞ ሲያገኘው የሚረግመው እኔን አይደል?»

ይህን ሰምቶ እንዴት ይጨከናል? ዓለምብርሃን አንድ የቴሌግራም ቻናል ከፈተችና ስክሪፕቱ ያገኘውን ሁሉ በራሱ እንዲለጥፍበት አደረገች። ስሟን አልጻፈችበትም፤ ሰው በሯን እንዲያንኳኳ አትፈልግማ። በአንድ ወር ውስጥ ከደባርቅ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ያለው ወፍጮ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ በያጅ ሁሉ ገባበት፤ ሦስት ሺህ አለፈ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ «ይህን የከፈተ ሰው እጁ ይባረክ» ሲባል ሰምታ ጉንጯ እስኪግል ደስ አላት። ሒሳቧን ከፍላ ወረደች።

ከዚያ በኅዳር መገባደጃ ማስታወቂያው ቀረ።

መጀመሪያ ስክሪፕቱ የተበላሸ መስሏት ፈተሸችው። ደህና ነው። ገጹ ይከፈታል፣ ፊዱም ይከፈታል፤ አዲስ ጽሑፍ ብቻ የለም። አምስት ቀን፣ ስምንት ቀን፣ አሥራ አንድ ቀን። መብራቱም እንደ አጋጣሚ አልጠፋም። ሰዉ «ዘንድሮስ መብራቱ ጠባይ ገዛ» ይባባል ጀመር። እሷም ቻናሉ ላይ «ሰላም ነው፤ አዲስ ማስታወቂያ የለም» ብላ በየማለዳው ትለጥፋለች።

«ልጄ፣ ሲሊንደሩስ?» አሉ የኔታ። ካለፈው የተረፈው አንድ አምስተኛ ያህል ነበር።

«ቅዳሜ እወስደዋለሁ አባ። ማስታወቂያ እኮ የለም።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ማስታወቂያ የለም ማለትና መብራት አይጠፋም ማለት ለየቅል መሆኑን፣ ያን ሁሉ የተማረች ልጅ እንዴት ሳታስበው ቀረች? እኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮቹ ድርግም አሉ። ዓለምብርሃን ስልኳን አወጣችና አየች፤ አዲስ ማስታወቂያ የለም። «እንግዲያው የኛው ቆጣሪ ነው» አለች። ዘበኛውን ጠርታ ቆጣሪ አስከፈተች፣ ፊውዝ አስቀየረች፣ ደግማ አስቀየረች። ጨለማው ፊቷ ተገትሮ እሷ የምታምነው ስልኳን ነበር! አርባ ደቂቃ እንዲህ ሄደ። ከዚያ ወደ ግቢው ወጣ ስትል ከተማው ጭጭ ብሏል፤ አንድም ወፍጮ አይጮኽም። ያኔ ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች።

ቤት ስትደርስ እትዬ ገበያነሽ አልጋው ላይ ተቀምጠው የኔታን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ይዘዋል። ወፍጯቸው እንደቆመ ገበያተኛውን ጥለው መጥተው፣ ቱቦውን ከማሽኑ ነቅለው ከሲሊንደሩ ጋር ያገናኙት እሳቸው ናቸው። የሲሊንደሩ ቀስት ቀዩን ነክቷል። የኔታ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ቃል መናገር አልቻሉም፤ ዓይናቸውን ብቻ ወደ ልጃቸው አዞሩ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ትገተሪያለሽ?» ጮኹ እትዬ ገበያነሽ። «ሂጂ! መብራት ቤት ሂጂና ለምኚ! እኔ እይዛቸዋለሁ!»

ሄደች። ያን ሁሉ ዓመት የሸሸችውን ደጅ በሁለት እጇ በርግዳ ገባች። ውስጥ አንድ ከሲታ ሰው በእጁ ሬዲዮ ይዞ ቆሟል፤ ክንዴ ይባላል፤ መስመር የሚያጠፋና የሚያበራ እሱ ነው።

«እባክህ አብራልኝ! በማርያም! አባቴ እየሞተ ነው!»

«አልችልም እህቴ። ሠራተኞቹ ምሰሶ ላይ ናቸው፤ ባበራው ይቃጠላሉ። አባትሽ ማናቸው?»

«የኔታ ሀብተ ሚካኤል።»

ክንዴ ፊቱ አመድ መሰለ። ጓዳ ገብቶ የቢሮውን ትንሽ ጄኔሬተር እየጎተተ አወጣ፤ አንዱን ጎን እሱ፣ አንዱን ጎን እሷ ይዘው ባጃጅ ላይ ጫኑት።

መንገድ ላይ ዓለምብርሃን «ምነው ሳትጽፉ? ምነው ሳትናገሩ?» አለች እያለቀሰች።

«እጽፍ ነበር» አለ ክንዴ። «ማንም አላዘዘኝም። ለማሽኑ ከደብሩ ጋር ሳዋጣ፣ ይህን ማሽን የማጠፋው እኔ አይደለሁ ወይ ብዬ ጨነቀኝ። ቢያንስ ልጃቸው እንድታውቅ ብዬ ገጹ ላይ መጻፍ ጀመርሁ። በኋላ አንድ ቻናል መጣና ያን እያነሣ ለዓለም ይበትነው ጀመር። ሰዉ ቢሮ ድረስ እየመጣ፣ ሠርግ አለኝ ቀን ቀይር፣ ገበያ ነው ሰዓት ቀይር፤ እንቢ ስለው አጥፊው እሱ ነው ተባልሁ። አለቃዬ ማን ጻፍ አለህ ብሎ ተቆጣኝ። በመጨረሻ ቤቴን በድንጋይ መቱት። ድንጋዩ መስኮት ሰብሮ የገባው አራስ ሚስቴ ከተኛችበት ነው። እጄን ሰበሰብሁ።»

«ለአባቴ እንኳ...»

«ልመጣ ፈልጌ ነበር። ልጃቸው ሰው በሯን ሲያንኳኳ አትወድም አሉኝ። ተውሁት።»

ዓለምብርሃን የጄኔሬተሩን ብረት ጨበጠች። ቻናሉ የማን እንደሆነ ብትነግረው ወርዶ የሚሄድ መሰላት። አልነገረችውም።

ጄኔሬተሩ ሦስቴ ተጎትቶ እንቢ አለ፤ በአራተኛው ተነሣ። ማሽኑ አጉረመረመ። ቱቦውን መልሰው ሲያገናኙ ሲሊንደሩ ባዶ ነበር። የኔታ ለረጅም ጊዜ ምንም ለውጥ አልታየባቸውም፤ እትዬ ገበያነሽ «ድንግል፣ ድንግል» እያሉ እጃቸውን ያሻሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ የከንፈራቸው ጥቁረት ለቀቀ። ዓይናቸውን ገልጠው ክንዴን አዩት።

«ማነህ ልጄ?»

ክንዴ ጉልበታቸውን ሳመ። «መብራት የማጠፋው ነኝ፣ የኔታ። ይቅር ይበሉኝ፤ ማስታወቂያውን የተውሁት ፈርቼ ነው። ያንን ቻናል የከፈተው ሰው አስወገረኝ።»

የኔታ ቻናሉ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። በልጃቸው ላይ ግን አልመሰከሩም፤ ቀና ብለው አዩአት። እትዬ ገበያነሽም መሬት መሬት አዩ።

«እኔ ነኝ» አለች ዓለምብርሃን።

ክንዴ ዞሮ አያት። የሚጮኽባት መስሏት ነበር፤ አልጮኸም። «ስንት ሰው አለሽ እሱ ላይ?»

«ሦስት ሺህ ሁለት መቶ።»

«ከእነሱ ስንቱ እኔ ሰው መሆኔን ያውቃል?»

እሷ ራሷ እስከዚያች ቀን አላወቀችም። እንባዋ ወረደ፤ እሱ ግን የሚያባብላት አልሆነም። የማብራቱን ሥራ በሬዲዮው ለባልደረባው አስረክቦ፣ መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጄኔሬተሩን ጠበቀ። ሲመጣ ተነሣና ቆቡን ደፍቶ የኔታን ብቻ እያየ ተናገረ።

«ለእርስዎ እደውላለሁ፣ የኔታ። መስመር ሳጠፋ በዋዜማው ይሰማሉ። ወሬው ከዚህ ቤት የወጣ ዕለት ግን አቆማለሁ። ሚስቴ ሁለተኛ ድንጋይ አትችልም።»

እትዬ ገበያነሽ ያን ጊዜ ውኃ ሊቀዱ ወጥተው አልሰሙም። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያስተማሩትን ሁሉ የሚቃወም ነገር እንደሆነ ፊታቸው ይናገራል፤ ትንፋሽ የሌለው ሰው ግን ምን ይከራከራል? ዓለምብርሃን ለማንም ላትናገር ማለች። ቻናሉንም ዘጋችው። ሦስት ሺህ ሰው ሰደባት፤ ስሟን ባያውቁም ስድቡ መንገድ ለመንገድ ይደርሳት ነበር።

ክንዴ ቃሉን ጠበቀ። በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ የየኔታ ስልክ ጮኸ። ነገ ከሁለት ሰዓት እስከ ሰባት። ሲሊንደሩ ሞልቶ ተቀምጧል፤ ዓለምብርሃን ወደ አልጋው ጠጋ አድርጋ አቆመችው። ከዚያ ቆሻሻ ልትደፋ ወጣ ስትል ከእትዬ ገበያነሽ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ወፍጮ ቤታቸው ደጅ ሰው ከነአህያው ግጥም ብሏል።

«ዓለም፣ እንኳን አገኘሁሽ። እነዚህ ከአምባራስ መንገድ አድረው የመጡ ናቸው። የዛሬው ወረፋ ሞልቷል፤ ነገ እፈጭላችኋለሁ ልበል ወይስ ዳባት ይሂዱ ልመልሳቸው? የሰማሽው ነገር አለ?»

የያዙት ትከሻዋን ነው፤ አባቷን ደግፈው በያዙበት እጃቸው። ከውስጥ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል።

«አልሰማሁም፣ እትዬ» አለች።

«ተመስገን!» አሉ እትዬ ገበያነሽ፤ ግንባሯን ስመዋት ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «በሉ አውርዱ! ጭነታችሁን አውርዱ! ነገ መብራት አለ!»