ሊንከሩ የመረጠው ጾም

ሊንከሩ ደግሞ እንቢ አለ። ወይንእሸት ሻይ ልታመጣ ወጥታለች፣ እኔ ሞጣ የወተት ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጫለሁ። ቀዩ ጽሑፍ አለቅህም ብሎኛል። ባጭሩ የሚለው ይሄን ነው፦ አንድ ስም ሁለት ቦታ አግኝቻለሁ፣ የትኛውን እንደምይዝ ካልነገራችሁኝ አልሠራም።

ሊንከር ለማታውቁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙን እኔና ወይንእሸት ተካፍለን ነው የጻፍነው፣ እኔ ቢቸና ቁጭ ብዬ፣ እሷ ሞጣ። ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል። የየራሳችን ቁራጭ ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ ከተቀየረ በኋላ፣ ቁርጥራጩን ሰብስቦ፣ ይሄ ያንን ይጠራል፣ ያኛው ደግሞ እዚህ ነው ያለው እያለ አንድ ሙሉ ፕሮግራም አድርጎ የሚያያይዘው እሱ ነው። የጋብቻ ሽማግሌ በሉት፣ ሳያጣራ አያገናኝም። እና ሲያጣራ ሁለታችንም «ጾም ነው ወይ» የሚል ቁራጭ ጽፈን፣ ሁለታችንም አንድ ስም ሰጥተን አገኘን።

ማኅበሩ ጠዋት ጠዋት ወተት ከገበሬው ይሰበስባል። በፍስክ አብዛኛው እንዳለ ይሸጣል፣ በጾም ግን ማን ይጠጣዋል፣ ተንጦ ቅቤ ይሆንና ለፋሲካ ይቀመጣል። ስንቱ ይናጥ፣ ስንቱ እንዳለ ይቅር የሚለውን እስከ ዛሬ የሚወስኑት ሊቀ መንበሩ ጋሽ ስጦታው ነበሩ፣ በግምት። አሁን ፕሮግራም ይንገረኝ አሉ።

የእኔን ቁራጭ ያጻፉኝ አባቴ ናቸው። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ቢቸና ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሳቸው አበቅቴ፣ መጥቅዕ እያሉ ያወርዱታል፣ እኔ እጽፋለሁ። የሚመጣውን ዓመት ጾም ስክሪኑ ላይ ሲያዩት ደጋግመው አስነበቡኝ። ሚኒባስ ልሳፈር ስል ታዲያ ምን አሉኝ፣

«እንግዲህ የእኔ ቁጥር የሞጣን ወተት ሊያዝዝ ነው።»

ይሄን ለደብሩ ሰው ሁሉ ነግረዋል። ለቄሶቹም፣ ለተማሪዎቻቸውም። እኔ ተመልሼ አባባ፣ የእርስዎ ቀረ የምልበት አንደበት የለኝም።

ትክክለኛው ነገር ወይንእሸትን ጠብቆ የአንዱን ስም መቀየር ነበር። ግን ሊንከሩ አንድ አማራጭ አለው፤ ስም ቢደገምም ዝም በል ትለዋለህ፣ እሱም መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ያልፋል። መጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ አንተ ትዕዛዙ ላይ ያስቀደምከውን ነው። የአባባን ፋይል አስቀደምኩ። ሊንከሩም ጸጥ አለ። ያው አንድ ዐቢይ ጾም አይደል፣ ምን ልዩነት አለው አልኩ። ወይንእሸት ሻዩን ይዛ ስትገባ ፕሮግራሙ እየሠራ አገኘችው፣ ደስ አላት፣ ጠጣን።

ሰኞ ጾሙ ገባ። ፕሮግራሙ ሁሉም ይናጥ አለ፣ ተናጠ። ማክሰኞም እንዲሁ። ጋሽ ስጦታው በጣም ከመደሰታቸው የተነሳ ቢቸና ደውለው አባባን አመሰገኑልኝ።

ሮብ ረመዳን ገባ። ዘንድሮ ሁለቱ ጾም ባንድ ሳምንት ነው የገቡት።

ከሰዓት በኋላ የሽያጭ መስኮቱ ጋ ጆግና ጀሪካን የያዘ ሰው ተሰለፈ፣ ለማፍጠሪያ ወተት ፈልጎ። ወተት ደግሞ ጠብታ የለም፣ ሁሉም መናጫ ገብቷል። አንድ ሽማግሌ ባዶ ጆጋቸውን እያዩ ለሻጯ ለእትዬ ማናለሽ፣ ዘንድሮ በቅቤ አፍጥሩ ነው የምትሉን አሏት። ሰልፉ ሳቀ፣ ግን ባዶ ዕቃውን ይዞ ነው የሄደው። እሷ መስኮቷን ዘግታ እኛ ጋ መጣች።

«ይሄ ኮምፒውተራችሁ ጎረቤት የለውም እንዴ?»

እኔ ቢቸና፣ ደብሩ ሥር ነው ያደግሁት። ጾም ሲገባ ወተት የሚጠጣ ሰው አለ ብሎ ማሰብ ራሱ አልመጣልኝም። ጋሽ ስጦታው አልተቆጡም፣ ነገም እንዲህ ካደረገ ወደ ግምቴ እመለሳለሁ ብለው ብቻ ወጡ።

ወይንእሸት ግራ ገባት። ቤቷ መስጊዱ ጋ ነው፤ ረመዳንን አስገብቼዋለሁ፣ በእጄ ጽፌዋለሁ ትላለች። ከዛ ሊንከሩን ካርታ አውጣ አለችው። እንዲህ የሚያደርግ አማራጭም አለው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ከየትኛው ፋይል እንደወሰደ ዘርዝሮ ይሰጥሃል። በጣቷ እየወረደች «ጾም ነው ወይ» ላይ ስትደርስ ቆመች። ከእኔ ፋይል። ዞራ አየችኝ።

«ከጋብቻ ሽማግሌው ጋር ተመሳጥረሃል፣ ደምለው።»

ሁሉንም ነገርኳት፣ አባባ ያሉትንም ጭምር። ትቆጣለች ስል ሳቀች። ያንን አማራጭ አጠፋነው፣ የእኔን ቁራጭ ስም ቀየርን፣ የእሷ በቦታው ገባ። ሐሙስ ጠዋት ፕሮግራሙ ከወተቱ የተወሰነው ሳይናጥ ይቅር አለ። ከሰዓት ሰልፉ መጣ፣ ጆጉ ሁሉ ሞልቶ ሄደ። እኒያ ሽማግሌ ለኮምፒውተሩ ስጡልኝ ብለው ተምር ላኩ። ተምር የጾም አይደል፣ የዕለቱን ጾም ስንፈታ ኮምፒውተሩን ወክለን በላንለት። ጋሽ ስጦታው አንድ ፍሬ አንስተው፣ በቃ ቅዳሜ ለዘለቄታው ይጫን አሉ።

ሁሉም ደስ ብሎታል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ ቀረች።

የአባባን ቁራጭ አሁን የሚጠራው የለም። የወይንእሸት ቁራጭ የቤተ ክርስቲያኑንም ጾም ይዟል፤ የሁለቱን አስተያየን፣ አንድም ቀን አይለያዩም። የአንቺው የአባባን ይጥራ አልኳት፣ ሁለት ቦታ የሚቆጠር ነገር አንድ ቀን ያጣላናል አለች፣ እውነቷን ነው። ሊንከሩ ደግሞ ሌላ አማራጭ አለው፣ ማንም የማይጠራውን ቁራጭ ጠርጎ ይጥላል፣ የጣለውንም በስሙ ይነግርሃል። እሷ ንጹሕ ነገር ነው የምትወደው፣ ይጠረግ ባይ ናት። ግን የአባትህ ነውና አንተ ወስን አለችኝ።

ቅዳሜ አባባ ለዘመድ ተዝካር ሞጣ ይመጣሉ። መጀመሪያ ቢሮ ነው የማልፈው ብለዋል፣ ቁጥራቸው ወተቱን ሲያዝዝ ለማየት። ከተውኩት፣ አዎ አባባ፣ ውስጡ አለ ብላቸው ውሸት አይደለም፣ እውነት አለ፣ ብቻ የሚጠራው የለም። ከጠረግሁት ግን እውነቱን ከነምክንያቱ ቁጭ ብዬ መንገር ነው፣ ምናልባትም ጎረቤት የሌለው ቁጥር ነበር ብለው ራሳቸው ይስቁ ይሆናል፣ ላይስቁም ይችላሉ።

ላፕቶፑ ተከፍቷል፣ ትዕዛዙ ተጽፏል፣ የቀረው ያችን አንዲት አማራጭ መጨመር ወይ አለመጨመር ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?