የእናቷ መቀስ

የሩጫ አሰልጣኙ «ላባ» ብሎ ከሰየማት ወዲህ ልጅቷ ምሳዋን ለጓደኞቿ ማደል ጀመረች። ቀለል ያለ ሰው ይፈጥናል ብላ ነው። እርግጥም ሁለት ሳምንት ፈጠነች። ከዚያ በኋላ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይደልቅ፣ ብድግ ስትል ዓይኗን ጭልም ያደርጋት ጀመር፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

ለቅዳሜው ውድድር ሦስት ቀን ሲቀር አዲስ ትእዛዝ መጣ፦ እያንዳንዷ ሯጭ ክሊኒክ ተመዝና ታስፈርም፤ ከአርባ ሁለት ኪሎ በታች የሆነች አትሮጥም። ላባ አርባ አንድ ነበረች። በማግስቱ ማለዳ ልብስ ሰፊዋ እናቷ ወጣ ስትል ጠብቃ፣ ትልቁን መቀስ በአንድ ኪሷ፣ ጨርቅ እንዳይንሸራተት የሚጫንበትን ብረት በሌላው ከተተች።

ክሊኒክ ስትደርስ መቆምም መቀመጥም አልሆነላት። በተራመደች ቁጥር ብረቱ ጭኗን ይጎስማታል።

ነርሷ ሚዛኑን አየች። «አርባ ሁለት ተኩል። ጎሽ የኔ እናት።»

ላባ ልትወርድ ስትል ነርሷ አገጯን ያዝ አድርጋ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጠችው። ነጥቷል። ጣቷን ወጋ አድርጋ የደሟን ጠብታ መሣሪያው ላይ አኖረች፤ ቁጥሩንም አይታ ለመፈረም ያነሳችውን እስክሪብቶ መልሳ አስቀመጠች።

«ምነው እትዬ?»

«ክብደትሽስ ደህና ነው። ያነሰሽ ብረት ነው።»

«አሁንም አነሰ? ኪሴ ሙሉ ነው እኮ» አለች ላባ፣ ሳታስበው።

ነርሷ ኪሷን አስገልብጣ መቀሱን ስታይ ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ግን አልቆየም። «እኔ ያልኩት ደምሽ ውስጥ ያለውን ነው። እንዲህ ሆነሽ ብትሮጪ መንገድ ላይ ትወድቂያለሽ። ቅዳሜን እርሺው።»

«ዛሬን ብቻ ይፈርሙልኝ። ከሰኞ ጀምሮ እበላለሁ።»

«ሆድ በቀጠሮ አይበላም፣ ልጄ።» ክኒንና ለእናቷ የሚሰጥ ወረቀት አስያዘቻት።

ቤት ስትደርስ እናቷ ትራሱን ሁሉ ገልብጣዋለች። «መቀሴ እግር አወጣ እንዴ? ደንበኛ ሁለቴ ተመለሰችብኝ።»

ላባ መቀሱን፣ ብረቱን፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። እናቷ አነበበች፤ ደግማም አነበበች።

«እኔ ደግሞ ቀሚስሽን ሦስቴ ሳጠብልሽ፣ ልጄ ደም ግባት መጣላት እላለሁ» አለች ቀስ ብላ። ምስርና ጎመን አቀረበችላት። «ቁጭ በዪ።»

ላባ ቁጭ አለች። ሁለቴ ጎረሰች፣ ሦስተኛውንም። እግሮቿ ግን ጠረጴዛው ሥር አላረፉም፤ ቅዳሜን ይሮጡ ነበር።